የወደዱትን መጽሐፍ መተረክ፤ ከዴም ልጆች የተገኘ ትምህርት

ተማሪዎቻችን አያነቡም የሚለው አቤቱታ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የማይሰማበት ሳምንት የለም። እኛም ራሳችን ደጋግመን ብለነዋል። ይሁን እንጂ በዕረፍት ሰዓት ከግቢው ጥግ ሰብሰብ ብለው ወደ ቆሙት ልጆች ጠጋ ብሎ ያዳመጠ መምህር፣ ከመካከላቸው አንዱ ማታ ያነበበውን ሲተርክ፣ ሌሎቹም «ከዚያስ?» እያሉ ሲያጣድፉት መስማቱ አይቀርም። የሚተረከው ግን እኛ በክፍል ያዘዝነው መጽሐፍ አይደለም። አስማት የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ሌሊት ተኩላ የሚሆን ሰው፣ በገዳም የተሰወረ ምሥጢር፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ «ይህስ ከንባብ አይቆጠርም» ብለን እናልፈዋለን። በዚህም አኳኋን ልጆቹ ያነባሉ፤ እኛም አያነቡም እንላለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተናቀ ንባብ፣ በተለይም ንባቡን ተከትሎ የሚመጣውን የልጆች ወግ መመርመር ነው። ወጣቶች ስለሚወዷቸው ተከታታይ የምናብ ልብ ወለዶች ብዙ ሊባል ይቻላል፤ እኛ ግን አንድ ነገር ብቻ ማሳየት እንፈልጋለን። ይኸውም፣ አንድ ልጅ የወደደውን መጽሐፍ ለጓደኛው በራሱ ቋንቋ ሲተርክ ቃላትን ይመዝናል፤ ቃላትን መመዘን ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ሒስ መጀመሪያ ነው የሚለውን ነው። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ካርቱም ውስጥ በዴም ሰፈር ካገኘናቸው ልጆች ስለሆነ፣ ነገሩን ከዚያው እንጀምራለን።

ዴም ከካርቱም መሀል ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ቃሉ በሱዳን ዐረብኛ የሰዎች ሰፈራ ማለት ነው። የቀድሞዎቹ ዴሞች ሠራተኛውና ድኻው የሚኖርባቸው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ግድም ከተማው እንደገና ሲቀየስ ነዋሪዎቻቸው አሁን ዴም ወደሚባለው ስፍራ ተዛወሩ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በየጊዜው የተሰደደው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ ያረፈው እዚህ ነው። እንጀራ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ የካሴት ሱቁ ሰፈሩን የሐበሻ ሰፈር አሰኝቶት ኖሯል። ከዚያ ተወልደው ያደጉት ልጆች ቤት ውስጥ አማርኛ ወይም ትግርኛ ይናገራሉ፤ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የተማሩት ግን በዐረብኛ ነው። አማርኛ ለእነርሱ የእናት ድምፅ እንጂ የመጽሐፍ ድምፅ አልነበረም።

በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ ለእነዚህ ልጆች ፊደል እናስተምር ነበር። ዓርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን ስለሆነ ልጆቹ ሰፋ ያለ ጊዜ ነበራቸው። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ይደርሳል። ሀሁን ከፈጸሙ በኋላ የሚነበብ ነገር ስንፈልግ ችግር ገጠመን፤ ለፊደል ጀማሪ የተጻፉት መጻሕፍት ለሕፃናት የታሰቡ ናቸው፤ የ15 ዓመት ልጅ ስለ ድመትና ስለ ኳስ አንብብ ሲባል ያፍራል። ስለዚህ አንድ ቀን «እስቲ በዐረብኛ ያነበባችሁትንና የወደዳችሁትን መጽሐፍ በአማርኛ ንገሩን፤ የነገራችሁንን እንጽፈውና እናንተ ታነቡታላችሁ» አልናቸው። ነገሩ ለጊዜው የተዘየደ መላ ነበር። ዕለቱን ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽት ድረስ ልናስቆማቸው አልቻልንም።

ለመሆኑ ምን ያነቡ ነበር? ካርቱም ድሮም አንባቢ ከተማ ናት። ከመሀል ከተማው መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ተነጥፈው ይሸጡ ነበር፤ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ‹መፍሩሽ› የተባለ፣ ትርጓሜው ‹የተነጠፈ› የሆነ፣ ወርኀዊ የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ወጣቶችን ይሰበስብ ነበር፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባለሥልጣኖች እስኪከለክሉት ድረስ። ልጆቹ ከእንዲህ ያለ ስፍራ በርካሽ የሚገዟቸውና እየተዋዋሱ የሚያነቧቸው በመጀመሪያ ደረጃ ከካይሮ የሚመጡት የኪስ መጻሕፍት ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ቀዳሚው የግብፃዊው ሐኪም የአሕመድ ኻሊድ ተውፊቅ ሥራ ነው። ሁለተኛው በካይሮ ወደ ዐረብኛ የተተረጐመው ሃሪ ፖተር ነው። በአማርኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ ሻንጣ የመጣና ጀርባው የተገነጠለ አንድ ዴርቶጋዳ በሰፈሩ ይዞር ነበር፤ እርሱን ታላላቆቹ እያነበቡ ለታናናሾቹ ይተርኩላቸዋል። እነዚህን ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

ተውፊቅ ከ1993 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ‹ከተፈጥሮ ባሻገር› በሚል ስም 80 ያህል ትንንሽ መጻሕፍት አሳትሟል። ባለታሪኩ ዶክተር ሪፍዓት ኢስማዒል ሽማግሌ፣ መላጣ፣ ሚስት ያላገባ፣ ልቡን የሚያመው፣ ሲጋራ የማይጥል የደም ሐኪም ነው። አጋንንትና ጭራቅ የለም ብሎ የሚያምን ሰው ሆኖ ሳለ ዕድሜውን ሁሉ የሚገጥመው ግን ይኸው ነገር ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ሥራ ትልቁ ጥንካሬ ጀግናው ደካማ መሆኑ ነው። ልጁ አንባቢ ከጡንቻ ይልቅ ጥርጣሬን፣ ከድል ይልቅ ቀልድን ይማርበታል። ድካሙም አይሰወርም፤ መጻሕፍቱ በየጊዜው እንዲወጡ በችኰላ የተጻፉ ናቸው፤ አንዳንዱ ከሌላው ጋር አይመጣጠንም፤ ደራሲው ከታሪኩ ወጥቶ ሲጫወት የሚቈይበትም ጊዜ አለ። ልጆቹ ግን ይህን ጨዋታ ይወዱታል። አንደኛው ልጅ በሪፍዓት አነጋገር፣ እየሳለ፣ በአማርኛ ሲተርክልን ሌሎቹ በሣቅ ይፈነዱ ነበር።

ይኸው ደራሲ ‹ፋንታዚያ› የሚባል ሌላ ተከታታይ ሥራም አለው። የዚህ ባለታሪክ ዓቢር የምትባል፣ መልክም ሀብትም የሌላት ተራ ልጅ ናት፤ ያላት ነገር ቢኖር ያነበበችው መጽሐፍ ብዛት ነው። ሕልም በሚሠራ መሣሪያ አማካይነት ወደ ሌሎች ደራስያን ታሪኮች እየገባች ትዘዋወራለች። ከዴም ልጃገረዶች ብዙዎቹ ይህችን ዓቢር ከማንኛዋም ልዕልት አብልጠው ይወዱ ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቅ አንደኛዋ፣ «ኡስታዝ፣ እርሷ የምትሄደው ባነበበችው ልክ ነው» አለችን። ስለ ንባብ ጥቅም ብዙ ንግግር ሰምተናል፤ ከዚህ አጭር መልስ የሚበልጥ ግን አልሰማንም። ተውፊቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት ልጆቹ በሚቀጥለው ዓርብ የየራሳቸውን መጽሐፍ ይዘው መጡ፤ ማንም ሳያዛቸው ትምህርቱ በዚያ ዕለት ስለ እርሱ ብቻ ሆነ።

ሃሪ ፖተር የሚታወቅ ስለሆነ ብዙ አንልበትም። ከ1997 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) በሰባት ቅጽ የወጣ፣ ወላጅ አልባ የሆነ ልጅ ወደ አስማት ትምህርት ቤት ገብቶ የሚያድግበት ታሪክ ነው። ደራሲዋ እንግሊዛዊቷ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ዓለሙን በጥንቃቄ ገንብታዋለች፤ በመጀመሪያው ቅጽ የተጣለ ፍንጭ በመጨረሻው ይፈታል። ልጆች ተከታታይ መጽሐፍን የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያስታወሰ አንባቢ ይካሳል። ነገር ግን ከሥራው ውስጥ አንድ የሚጐረብጥ ነገር አለ። መጽሐፉ ደማችን የጠራ ነው የሚሉትን አስማተኞች አጥብቆ ሲያወግዝ፣ አስማት የማያውቀውን ተራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ለሣቅ ያቀርበዋል። ይህን መጀመሪያ ያነሣው ከእኛ አንድ ሰው አልነበረም፤ አባቱ ሾፌር የሆነ የዴም ልጅ ነው። «የሃሪ አጎት የተሣቀበት ክፉ ስለሆነ ነው ወይስ አስማት ስለማያውቅ?» ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ ሳይቋጭ መሸ።

ዴርቶጋዳ የይስማዕከ ወርቁ ሥራ ነው። በ2001 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ጊዜ የተደገመ ሲሆን ራማቶሓራ የሚል ተከታይ ወጥቶለታል። የጣናን ገዳማት፣ ዘመናዊውን ሳይንስና የስለላውን ዓለም በአንድ ገመድ አስሮ የሚሮጥ ልብ ወለድ ነው። ሐያስያን በሥራው ላይ የተለያየ አስተያየት አላቸው። እኛ በበኩላችን ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ አማርኛ ሳይንስንና ተአምርን በአንድ ገጽ መሸከም እንደሚችል ለወጣቱ አሳይቷል፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ጣናን አይተው የማያውቁ የዴም ልጆች ስለ ሐይቁ ከዚህ መጽሐፍ ተነሥተው ይከራከሩ ነበር። ሁለተኛ፣ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉን የሚችሉ፣ ሁሉን የሚያውቁ ሆነው ስለሚቀርቡ አንባቢው ይደነቃል እንጂ ብዙም አይጠየቅም። ከመጽሐፉ የሚወጣው ልጅ ኮርቶ ይወጣል። ኩራት መልካም ነው። ይሁን እንጂ ታላቅ የምናብ ሥራ አንባቢውን ካኰራው በኋላ «አንተስ ለጎረቤትህ ምን አደረግህ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስለናል።

እስካሁን ያልነው ስለ መጻሕፍቱ ነው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን፤ እርሱም ልጆቹ መጻሕፍቱን ወደ አማርኛ ሲያመጧቸው የደረሰው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ችግር ‹ሳሒር› በሚለው የዐረብኛ ቃል ላይ ተነሣ። ሃሪ ፖተር በአማርኛ ማን ይባላል? አንዱ «ጠንቋይ» አለ። ሌላው «ጠንቋይማ ዶሮ የሚያሳርድ ነው» ብሎ ተቃወመ። «መተተኛ» የሚል መጣ፤ እርሱም በሰው ላይ ክፉ የሚሠራ ነው ተብሎ ወደቀ። «አስማተኛ» የሚለው በመጨረሻ ተመረጠ፤ ነገር ግን አንዲት ልጅ «እርሱስ ቢሆን ከሰርከስ የመጣ አይመስልም?» አለች። ‹ዛር› ሲመጣ ግን ትርጕም አላስፈለገም፤ ሱዳንም ኢትዮጵያም የሚያውቁት አንድ ቃል ነውና። ‹ጉል› የሚለውም ያለ ክርክር ‹ጭራቅ› ሆነ። ልጆቹ ሳይታወቃቸው የተርጓሚ ሥራ ይሠሩ ነበር። አንድ ቃል ከመዝገበ ቃላት ፍችው ሌላ ጠረን እንዳለው፣ ያንንም ጠረን የሚያውቀው በቋንቋው የኖረ ሰው ብቻ መሆኑን እኛ ልናስረዳቸው አላስፈለገም።

ከዚያ ‹ተኩላ የሚሆነው ሰው› መጣ። የተውፊቅ የመጀመሪያው ቍጥር ስለ ደም መጣጭና ስለ ተኩላ ሰው የሚናገር ነው። የሚተርከው ልጅ የዐረብኛውን ቃል በአማርኛ ፈለገና አጣው። ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ፤ «ቡዳ!» አለ። «እናቴ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ትላለች፤ አንድ ነው።» ጓደኞቹ አጨበጨቡ። እኛም ደስ አለን። የባዕድ ታሪክ ከራሳችን ባህል ውስጥ አቻ አገኘ ብለን ቃሉን በጥቍር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍነው፤ ከሥሩም አሰመርንበት።

ከልጆቹ መካከል አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በዚያ ዕለት ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። በሚቀጥለው ዓርብም አልመጣችም። ምክንያቱን ያወቅነው ከሌላ ሰው ነው። የአያቷ ቤተሰብ በአገር ቤት ሳሉ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። አያቷ ምን ተብለው ይጠሩ እንደነበረ፣ ማን ከቤታቸው ውኃ አይጠጣም እንደነበረ ልጅቱ ታውቃለች። ያ ቃል ለእርሷ በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ፍጡር ስም አልነበረም።

ይህ ስሕተት የልጁ አይደለም፤ የእኛ የመምህሮቹ ነው። ‹ቡዳ› የሚለው ስም በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪው፣ በሸማኔው፣ በቤተ እስራኤልም ላይ ሲጣል መኖሩን የምናውቅ ሰዎች ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን በሙያው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. ማወጃቸውን በታሪክ ክፍል የምናስተምር ሰዎች ነን። ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ጋር ያን ቃል በሰሌዳ ላይ አስምረንበት ሄድን። አቻ ቃል በማግኘታችን ተደሰትን እንጂ ቃሉ በማን ላይ እንደሚወድቅ አላሰብንም። በአውሮፓ ተረት ውስጥ ያለው ተኩላ ሰው ዛሬ የማንም ጎረቤት አይደለም፤ ቡዳ የተባለው ግን እገሌ ተብሎ የሚጠራ፣ ልጅ ያለው፣ ገበያ የሚወጣ ሰው ነው።

ልጅቱ በሦስተኛው ዓርብ ተመለሰች፤ ይዛ የመጣችውም የሃሪ ፖተርን ሦስተኛ ቅጽ፣ የአዝካባንን እስረኛ ነበር። እኔ ልተርክ አለች። ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሉፒን የሚባል መምህር አለ። ልብሱ ያረጀ፣ ጠባዩ የለሰለሰ፣ ልጆቹ ከመምህሮቻቸው ሁሉ አብልጠው የወደዱት ሰው ነው። በልጅነቱ ተኩላ ሰው ነክሶት ስለ ነበር ጨረቃ በሞላች ቍጥር እርሱም ይለወጣል፤ ሰው እንዳይጐዳ መድኃኒት ይጠጣል፤ ራሱንም ይሸሽጋል። በዓመቱ መጨረሻ ምሥጢሩ በባልደረባው አፍ ሲወጣ፣ የወላጆች ተቃውሞ ሳይመጣ አስቀድሞ ሥራውን ለቆ ሻንጣውን ይሸክፋል። ልጅቱ ይህን ሁሉ በዝግታ፣ በተሰባበረ ግን በማያሻማ አማርኛ ተረከችልን። በትረካዋ ውስጥ ‹ተኩላ የሚሆን ሰው› አለች እንጂ ያን ሌላውን ቃል አልተጠቀመችም። ስትጨርስ ያ ያለፈው ተራኪ፣ «ለምን ቡዳ አላልሽውም?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም፣ «ሉፒንን ያባረረው ተኩላነቱ አይደለም፤ ስሙ ነው» አለች።

ልጁ ተነሥቶ ሰሌዳው አጠገብ ቆመ። ቃሉ ከተጠረገ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፤ የሚጠርገው ነገር አልነበረም። ከጥቂት ዝምታ በኋላ «እንግዲያው ‹ሰው-ተኩላ› እንበለው» አለ። ‹ሰው-ተኩላ› በዚያው ጸደቀ፤ በደብተራችንም ገባ። እኛ በበኩላችን ልጅቱን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። መልሷ «ምንም አይደል፣ ኡስታዝ» የሚል ብቻ ነበር።

ደራሲዋ ራሷ የሉፒን ሕመም እንደ ኤች.አይ.ቪ. ያሉ፣ ሕመምተኛውን ከሰው የሚያስገልሉ በሽታዎች ምሳሌ መሆኑን በኋላ ተናግራለች። ይህን ያነበብነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የዴም ልጅ ግን ማንም ሳይነግራት ምሳሌውን ከአያቷ ታሪክ ጋር አገናኝታ ነበር። ሐያሲ የሚባለው ሰው የሚሠራው ሥራ ከዚህ ምን ይለያል? ሥራውን አነበበች፤ ከሌላ ሥራ ጋር አነጻጸረች፤ አንድ ቃል የሚያመጣውን መዘዝ መዘነች፤ ፍርዷንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰጠች።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ካቀረብን በኋላ ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብን እናውቃለን። የመጀመሪያው፣ «ይህ ሁሉ አስማትና ጭራቅ ቅዠት ነው፤ ለእኛ ሥነ ጽሑፍ ባዕድ ነው» የሚለው ነው። ይህ አባባል ታሪክን ያላገናዘበ ነው። አባቶቻችን በግእዝ ካነበቧቸው መጻሕፍት አንዱ ዜና እስክንድር ነው፤ ከእርሱ የበለጠ ጭራቅና ተአምር የት ይገኛል? የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የተጀመረው በእንዲህ ያለ ታሪክ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ በ1900 ዓ.ም. በሮም ሲታተም፣ ባለታሪኳ የወንድ ልብስ ለብሳ በአገር ላይ የምትንከራተት ቈንጆ ናት። አቤ ጉበኛም በአልወለድም ውስጥ ገና ከማኅፀን ያልወጣ ልጅ እንዲናገር ሲያደርግ፣ ስለ ዘመኑ ሊናገር የፈለገውን በምናብ መንገድ መናገሩ ነበር።

ስለ ጦቢያ ከተነሣ፣ በዴም የሰማነውን አንድ ተጨማሪ ነገር እንጥቀስ። ሱዳኖች ‹ሐቦባ› የሚሏት አያት ለልጆች ከምትተርካቸው ተረቶች አንዱ የፋጢማ አስ-ሰምሓ፣ ማለት የውቢቱ ፋጢማ ተረት ነው። ታላቁ ሊቅ ዐብዱላሂ አጥ-ጠይብ የሱዳንን ተረቶች ሰብስበው በመጽሐፍ አውጥተው ነበር። ውቢቱ ፋጢማ ራሷን ለመሰወር የሽማግሌ ቆዳ ለብሳ ትኖራለች። ጦቢያን በክፍል ያነበብንላቸው ልጆች «ይቺማ ፋጢማ ናት!» ብለው ጮኹ። አንዷ የወንድ ልብስ፣ ሌላይቱ የሽማግሌ ቆዳ ትልበስ እንጂ፣ በሁለቱም አገር ሴት ልጅ መንገድ ለመውጣት መልኳን መደበቅ ነበረባት ማለት ነው። ይህን ንጽጽር በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሚያቀርበው ሰው ይጨበጨብለት ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «ልጁ በጓደኞቹ መካከል የሚያወጋው ወግ ሥርዓት የለውም፤ የትምህርት ዋጋው ምንድን ነው?» ይሉናል። እውነት ነው፤ ከወጉ ውስጥ ብዙው ግርግር ነው። ያም ቢሆን በእኛ ክፍል የሚሰጠውን መልስ ከዚህ ወግ ጋር እናስተያየው። አንድ ልብ ወለድ ካስነበብን በኋላ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» ስንል፣ «ክፋት መጨረሻው እንደማያምር ተማርን» የሚል መልስ ከሃምሳ ተማሪ ይመጣልናል። መልሱ ትክክል ነው፤ መጽሐፉን ሳያነቡም ሊሰጡት ይችላሉ። የዴሟ ልጅ መልስ ግን መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ሊገኝ የማይችል ነው። ልዩነቱ ከልጆቹ ችሎታ አይደለም፤ ከጥያቄያችን ነው።

ስለዚህም በመምህራን ማሠልጠኛ ለምናስተምራቸው ዕጩ መምህራን የምንሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ ለባልደረቦቻችንም እናካፍላለን። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ያም ባይሆን ሩብ ሰዓት፣ ለተማሪዎች የመጽሐፍ ወግ ይለቀቅ። ተማሪው የመረጠውን፣ በየትኛውም ቋንቋ ያነበበውን መጽሐፍ በሚማርበት ቋንቋ ይተርክ። መምህሩ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፤ የትኛው ቃል አስቸገረህ? በምን ተካኸው? የተካኸው ቃል ከመጀመሪያው በምን ይለያል? ተማሪዎቹ የሚስማሙበት ቃል በአንድ ደብተር ይጻፍ። መምህሩም ስለ መጽሐፉ ጥሩነትና መጥፎነት ፍርድ ለመስጠት አይቸኩል፤ ፍርዱ ከተማሪዎቹ ይመጣል፤ ካልመጣም በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ከሁሉም በላይ፣ በክፍሉ ውስጥ ዝም ያለ ተማሪ ካለ ዝምታው ስንፍና ነው ብሎ አይደምድም። እኛ ያን ደምድመን ነበር።

ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቤተ መጻሕፍት በሌለው ትምህርት ቤትም ይቻላል። አንድ የተቀደደ መጽሐፍ ለአርባ ልጆች የሚበቃው በትረካ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር ፊደል ላልቈጠረው ሕዝብ ጭምር የደረሰው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል።

የዴሙ ደብተር ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። የካርቱም ጦርነት የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ለክርስቲያኑ ቀዳም ሥዑር፣ ለእስላሙ ደግሞ የረመዳን ጾም ነበር። ለፋሲካ ዶሮ የገዛው ቤተሰብ በማግሥቱ በጥይት መካከል ውኃ ይፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዴም ሐበሻ ተበተነ፤ ከፊሉ በገዳሪፍ በኩል አድርጎ በገላባት መተማን ተሻገረ፤ ከፊሉ ወደ ግብፅ፣ ከፊሉ ወደ ደቡብ ሱዳን ሄደ። እንዲህ ባለ ጊዜ መጽሐፍ የሚሸከም ሰው ጥቂት ነው፤ ልጅና ውኃ ይቀድማል።

ከተማሪዎቻችን አንደኛው፣ ያ ‹ሰው-ተኩላ› የሚለውን ቃል ያወጣው ልጅ፣ ዛሬ ወጣት ሆኖ አገር ቤት ይገኛል። ባለፈው ዓመት አግኝተነው ስለ መጻሕፍቱ ጠየቅነው። ከተውፊቅ ሥራዎች ሠላሳ ያህሉን ሰብስቦ እንደነበረና ሁሉንም ዴም ትቷቸው እንደወጣ ነገረን። ከዚያ በመተማ መንገድ ላይ ለታናናሽ እኅቶቹ ዶክተር ሪፍዓትን በአማርኛ እየተረከ እንዳሳለፈ አጫወተን። «እየሳልክ?» አልነው። «እየሳልኩ» አለን። እኅቶቹ ዐረብኛውን መጽሐፍ አንድም ቀን አላዩትም፤ ሪፍዓትን የሚያውቁት በወንድማቸው አማርኛ ነው። ሰው-ተኩላውንም እንዲሁ። አያቶቹ በምን ስም ይጠሩት እንደነበረ ግን አልነገራቸውም።